ባለ ቀጭን መቀነቷና ባለ ሰፊዋ

አባቴ ሰውን የሚመዝነው በቢራቢሮ ነው። ቤታችን የገባ እንግዳ ገና ውሃ ሳይቀርብለት ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የመስታወት ሣጥን ፊት ቆሞ ፈተናውን ይቀበላል። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ጥቁር ቢራቢሮዎች ክንፋቸውን ዘርግተው በመርፌ ተሰክተዋል። ሁለቱም የኋላ ክንፋቸው ጫፍ ላይ አጠር ያለ ጅራት ቢጤ አላቸው፤ ሁለቱም ከክንፍ እስከ ክንፍ የሚያቋርጥ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መቀነት ታጥቀዋል። ልዩነቱ የግራዋ መቀነት ቀጠን፣ የቀኟ ደግሞ ሰፋ ማለቱ ነው። ይህም የሚታየው ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ነው።

«የትኛዋ ናት ባለ ቀጭን መቀነት?» ይላል አባቴ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

እንግዳው አወቀም አላወቀም ትምህርቱ አይቀርለትም። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የባዮሎጂ መምህር ነበር፤ ደወል ሳይደወል ማቆም አይችልም። ቢራቢሮዎቹን ራሱ ነው የያዛቸው፣ ወጣት መምህር ሳለ፣ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ከነበረው የሎሚ ዛፍ አጠገብ። «መልካቸው እንዳያታልላችሁ» ይላል። «ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሁለት ዝርያ ናቸው። አይጋቡም፣ አይዋለዱም።» ይህችን የመጨረሻዋን በስንት ክፍል፣ ለስንት ልጅ እንደተናገራት እንጃ፤ በኋላ በኋላ እንደ ጸሎት ነው የሚደግማት። መብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው ተፈትኗል። ፍሪጅ ሊጠግን የመጣ ተፈትኗል። አንድ ጊዜ እኔን ሊጠይቅ የመጣ፣ ጓደኛዬ ነው ብዬ ያስተዋወቅኩት ልጅ፣ «ሁለቱም ያምራሉ» ብሎ መለሰ። ልጁ ከወጣ በኋላ አባቴ «ይሄ ሰው አንቺንና እህትሽንም አይለያችሁም» አለኝ። ነገሩም በዚያው ቀረ።

እጅ ያልሰጡት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ያስተምሩ የነበሩ፣ ካዛንቺስ አጥር ለአጥር የተጎራበትናቸው የጂኦግራፊ መምህር። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ ሣጥኑ ፊት በቆሙ ቁጥር «ለእኔ አንድ ናቸው» ይላሉ። «ካርታ የሚያነብ ሰው እንዴት ቢራቢሮ ያቅተዋል?» ይላል አባቴ። «ለእኔ አንድ ናቸው» ይላሉ ጋሼ። በዚህ የተነሳ ተኳርፈው ያውቃሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በቢራቢሮ ወገብ ተጣልተው፣ በየበራቸው ቆመው ሰላም ሳይባባሉ ሲተያዩ ማየት ለእኔና ለታናሽ እህቴ ትልቅ መዝናኛ ነበር።

ካዛንቺስ ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ሲበተን ጋሼ ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ አባቴ ደግሞ እኔና እህቴ ወደምንኖርበት ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም መጣ። ሌላው ዕቃ በአይሱዙ ተጫነ። ሣጥኑን ግን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሚኒባስ ነው ያመጣው። ረዳቱ «ፋዘር፣ መስታወቱን ከኋላ እናድርገው?» ቢለው «የትኛዋ ናት ባለ ቀጭን መቀነት?» ብሎ ጠየቀው።

ዓይኑ መድከሙን ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ካዛንቺስ እያለ እያንዳንዱን ድንጋይ በእግሩ ያውቀው ስለነበር ዓይኑ እምብዛም አያስፈልገውም ነበር። ሰንጋ ተራ ግን ፎቁ ሁሉ አንድ፣ በሩ ሁሉ አንድ ነው። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ቤት የእኛ መስሎት ገፍቶ ገባና ሶፋ ላይ ቁጭ አለ። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ እንዴት አንድ ትልቅ ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ማን ነዎት ይባላል? ምሳ አቀረቡለት። በላ። ወደ እኛ ሲመለስ «ቤታችን አለመሆኑን የጠረጠርኩት ወጡ ሲጣፍጠኝ ነው» አለኝ። ቤት ውስጥ ወጥ የምሠራው እኔ ነኝ።

ደምበል አካባቢ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሙ አይተው ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ እንደጋረዳቸው፣ በቀዶ ጥገና እንደሚነሳ፣ በቆየ ቁጥር ግን ሞራው እየጠነከረ ሥራው እንደሚከብድ ነገሩን። አባቴ በአክብሮት አዳመጠ፣ አመሰገነ፣ «እናስብበታለን» አለ። የአባቴን «እናስብበታለን» የሚያውቅ ሰው ማሰብ ድሮ ማለቁን ያውቃል። ታክሲ ውስጥ ገና ሳንደላደል «ሁለቱን ቢራቢሮዎች እስከለየሁ ድረስ ዓይኔ ምንም አልሆነም፤ በቃ» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሣጥኑ ፊት ይቆማል። «ግራ፣ ቀጭን። ቀኝ፣ ሰፊ» ይላል እኛ እንድንሰማው ጮክ ብሎ። ሁልጊዜ ልክ ነው። ልክ ባይሆን ነበር የሚገርመው፤ ቢራቢሮዎቹ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ቦታቸውን ለቀው አያውቁም።

እህቴ ሐሳቡ የእኔ ነው ትላለች፤ እኔ የእሷ ነው እላለሁ። ብቻ አንድ እሑድ አባቴ ቂርቆስ ሊያስቀድስ ሲሄድ ሣጥኑን አወረድነው። የጀርባውን ምስማሮች በቢላዋ ጫፍ እያነሳን ስንከፍተው የናፍታሊን ሽታ አፍንጫችንን መታን። ቢራቢሮዎቹን በመርፌያቸው ይዤ ግራዋን ወደ ቀኝ፣ ቀኟን ወደ ግራ አዛወርኳቸው። መርፌዋን ስሰካ የባለ ቀጭኗ አንዱ አንቴና ቀንጠብ አለ። ደነገጥኩ። እህቴ ግን የጥፍር ቀለሟን አምጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ በብሩሹ ጫፍ አጣበቀችው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ምንም አይታወቅም። ከቅርብ ለሚያይ ሰው ቢራቢሮዋ ጫፉ ቀይ የሆነ አንቴና አላት።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ፊቱን ታጥቦ መጣና ሣጥኑ ፊት ቆመ። እኔና እህቴ ቁርስ ይዘን፣ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን።

«ግራ፣ ቀጭን። ቀኝ፣ ሰፊ» አለ።

እህቴን ሻይ ትን አላት። እኔም መሳቅ ጀመርኩና ሳቄ መሃል ላይ ጠፋ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጨዋታ ነበር። አባቴ ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ ዓይኑን ከፍቶ ቆሞ፣ ምንም አላየም። ፈራሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ቀን ጨርሶ ይጨልምበትና ሐኪሙም ዘግይታችኋል ይሉናል ብዬ ፈራሁ።

ግን እንዴት ልንገረው? ሣጥኑን ከፈትኩት ብዬ ብነግረው ጉድ ይፈላል። ተሳስተሃል ብለው ደግሞ እኔ የባሰ ነው፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሌላው ሲሳሳት ያረመ እንጂ የታረመ ሰው አይደለም። ባምቢስ ካለው ቢሮዬ ተቀምጬ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ወንድሟ ሊያገባ መሆኑን፣ ሽማግሌዎቹም ቅዳሜ ሊላኩ መሆኑን ታወራለች። እሺ እስኪባሉ ድረስ እንደማይቀመጡ፣ አንደኛው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቤተሰቡ መጨነቁን ነገረችኝ። የዚያን ቀን ማታ ለእህቴ «ሽማግሌ እንላክበት» አልኳት። «አልተጣላንም እኮ» አለች። «ለልጅ ሲለመን እሺ የሚል ሰው ለዓይኑ ሲለመን እንቢ አይልም» አልኳት።

ሦስት ሰዎች መረጥን። ጋሼን፣ የአባቴን ልብ ስለሚያውቁ። የነፍስ አባታችንን፣ እሳቸው ፊት ስለማይቆጣ። ሦስተኛው የሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ውሃ በጠፋ ቁጥር ሰፊ ንግግር የማድረግ ልምድ አላቸው። ለሦስቱም ሣጥኑን መቀያየራችንን አልነገርናቸውም። ጉዳዩ ዓይን ነው፣ ሐኪም ተገኝቷል፣ እሺ አሰኙልን ብቻ ነው ያልነው።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ስለቆመ አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ነው የወጡት። ሦስቱም ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እንደ ፈረስ እየተነፈሱ ገቡ። አባ መስቀላቸውን አሳለሙና በተርታ ቆሙ። አባቴ ሶፋውን እያሳየ «ኧረ ተቀመጡ» ሲል ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጌታው፣ ለአንድ ብርቱ ጉዳይ ነው የመጣነው። እሺ ካላሉን አንቀመጥም።»

የአባቴ ፊት በራ። ተነስቶ የኮቱን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ። ምን እንዳሰበ ወዲያው ገባኝ፤ ጋቢ የለበሱ፣ አንቀመጥም የሚሉ ሦስት ሰዎች ሁለት ያላገቡ ሴቶች ያሉበት ቤት ለምን ይመጣሉ? ላስቆመው አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ቶሎ አልከፈትኩትም።

«ዘገያችሁ እንጂ እኔስ ስጠብቅ ነበር» አለ አባቴ። «ለየትኛዋ ነው?»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ቀድመን የነገርነው መስሏቸዋል። «መጀመሪያ ለአንደኛዋ ነው» አሉ። «እሷ በደንብ ስታገግም ደግሞ ለሁለተኛዋ።»

«ሰውየው አንድ ነው?»

«አንድ ነው። ልምድ ያለው ነው፤ በቀን ስንቱን ነው የሚያዳርሰው።»

ወጥ ቤት ውስጥ እህቴ የድስት ክዳን ጣለች። አባቴ በጣም ቀስ ብሎ «ትዳር አለው?» ሲል ጠየቀ።

«ሦስት ልጆች አሉት» አሉ ሰብሳቢው፣ ነገሩን የሚያጠናክርላቸው መስሏቸው።

«አባ» አለ አባቴ ወደ ነፍስ አባታችን ዞሮ፣ «እርስዎ ቆመው እየሰሙ?»

«ስለ ዓይንህ ነው ልጄ» አሉ አባ። «የምንለምንህ እንድትታከም ነው። ሰውየው ሐኪሙ ነው።»

አባቴ የቆለፈውን ቁልፍ መልሶ ፈታ። ወደ እኔ ሳይሆን እኔ ካለሁበት ትንሽ ራቅ ወዳለው መጋረጃ እየተመለከተ «ያንቺ ሥራ ነው» አለ። ከዚያ ለሦስተኛው ሰው፣ ገና ትንፋሻቸው ላልተመለሰላቸውና እስካሁን ምንም ላልተናገሩት፣ «እርስዎንም አደከሙዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማን ልበል?» አላቸው።

«እኔን ነው?» አሉ ጋሼ።

አባቴ ድምፁን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ጋሼ ቆመው የነበሩት ሁለት እርምጃ ርቀው ነው። «በጋቢ ተጠቅልለህ ማን ያውቅሃል» አለ ሊስቅ እየሞከረ። ጋሼ አልሳቁም። ዕድሜ ልኩን አብሯቸው የኖረ ሰው እርስዎ ሲላቸው መስማት እንዴት እንደሚያም ፊታቸው ላይ አየሁት። እኔንም አመመኝ።

አባቴ ግን እጅ አልሰጠም። እጁን ዘርግቶ ግድግዳውን እየዳበሰ ሣጥኑ ጋ ደረሰ። «ዓይኔ ምንም አልሆነም። ይኸው፤ ግራ፣ ቀጭን። ቀኝ፣ ሰፊ። ኑና እዩ።»

ሦስቱም ተጠግተው አዩ። ሰብሳቢው አንገታቸውን አስግገው ግራዋን አዩ፣ ቀኟን አዩ፣ ደግመው ግራዋን አዩ። ሰፊው መቀነት በግራ በኩል ነው፤ ሳይታያቸው አልቀረም። አሳላቸው። «ልክ ነው... ይመስላል» አሉ። አባ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ለምኑ እንደሆነ አልተናገሩም። ጋሼ ለወትሮው የሚሉትን እንኳን አላሉም። «ትክክል ነህ» አሉት። ዓይኑ እንደማያይ ሊነግሩት የመጡ ሰዎች፣ ዓይኑ እንደማያይ በዓይናቸው ሲያዩ፣ ይሉኝታ ይዟቸው ትክክል ነህ አሉት። ያን ሁሉ ደረጃ ያስወጣኋቸው ለዚህ ነው።

ደሜ ፈላ። «ተሳስተሃል አባዬ» አልኩት። «ግራዋ ሰፊዋ ናት። እኔና እህቴ ቀያይረናቸዋል።»

ሰብሳቢው ምንጣፉን ያጠኑ ጀመር። እህቴ ከወጥ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «መክፈታችሁን አውቃለሁ። ሣጥኑ የጥፍር ቀለም ሸቶኛል።»

«ታዲያ ለምን ግራዋ ቀጭን ናት አልክ?»

«ብትቀያይሯቸው ባትቀያይሯቸው እኔ ምን አውቄ? ሁለት ጥቁር ነገር ነው የሚታየኝ። ከመካከላችሁ ማን እንደሚነግረኝ ስጠብቅ ነበር።» እጁን ከሣጥኑ ላይ አወረደ። «ፈርቼ ነው። አሁን እንኳ ጭላንጭል አለችኝ፤ ብርሃንና ጥላ የምለይባት። ስለት ገብቶ እሷንም ቢወስድብኝስ?»

አባቴ ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ። ጋሼ «እኔም እፈራልሃለሁ፤ አብሬህ እገባለሁ» አሉት፤ «እስከ በሩ ድረስ።»

አባቴ በእጁ ወደ ሶፋው እያመለከተ «ተቀመጡ» አለ። ሦስቱም ተቀመጡ። ሰብሳቢው ያዘጋጁትን ንግግር ሳይናገሩት ቀሩ፤ ትንሽ ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል።

በመጀመሪያ ቀኝ ዓይኑ ተሠራ። ጋሼ ቃላቸውን ጠብቀው እስከ በሩ ሄዱ፤ ከአባቴ ይልቅ እሳቸው ነበሩ ውሃ የጠየቁት። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ አባቴ መጀመሪያ ያየው እህቴን ነው። «ይህን ቀይ ፀጉር ማን ፈቀደልሽ?» አላት። «ከፋሲካ ጀምሮ ነው እኮ አባዬ» አለች። እኔና እሷ ክሊኒኩ ውስጥ ተቃቅፈን ሳቅን፤ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቤት እንደደረስን «ሣጥኑን አውርዱልኝ፤ ያበላሻችሁትን ላስተካክል» አለ። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥንለት። የድሮ ማጉያ መነፅሩን አወጣና ጎንበስ አለ። ቀይዋን አንቴና ሲያይ ቅንድቡን አነሳ እንጂ ምንም አላለም። ከዚያ ባለ ቀጭኗን በመርፌዋ አንስቶ ገለበጣት፣ ባለ ሰፊዋን አንስቶ ገለበጣት፣ እንደገና ሁለቱንም። እህቴን ስልኳ ላይ የእነዚህን ዝርያዎች ፎቶ እንድትፈልግለት ጠየቃት። አሁን ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ፤ እሱ በያዛቸው ዘመን ግን የነበረው አንድ ያረጀ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። ፎቶውን አየ፣ ቢራቢሮዎቹን አየ። ዓይኑ ተመልሶ የጨለመበት መሰለኝ።

«የሆዳቸውን ጫፍ ተመልከቺ» አለኝ በመጨረሻ። «የዚህኛው መቆንጠጫ የመሰለ ነገር አለው። የዚችኛዋ ድፍን ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ባለ ሰፊዋ ወንድ ነው። መቀነቱ የደመቀውና የሰፋው ለዚያ ነው። ይቺ ደግሞ ሴቷ ናት፤ ቀለሟም ፈዘዝ፣ ወደ አረንጓዴ ይላል። ሌላው፣ ዳር ዳሩ ላይ ያለው ነጠብጣብም ጅራቱም አንድ ነው።» መነፅሩን አስቀመጠ። «እውነተኛው ባለ ሰፊ መቀነት ዝርያ ሌላ ነው፤ ይኸው ፎቶው። እኛ ቤት ኖሮ አያውቅም። እኔ ጎን ለጎን ሰቅዬ አይጋቡም አይዋለዱም ስል የኖርኩት ባልና ሚስት ላይ ነው።»

እህቴ ሮጣ መኝታ ቤት ገባችና ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እዚህ ድረስ ይሰማል። አባቴ አልሳቀም። «ስንቱን ልጅ ነው ኤክስ ያደረግኩት» አለ። አዘንኩለት። «አባዬ፣ ማንም አያውቅም» አልኩት ቀስ ብዬ። «መልሰን እንስቀለው። እኛም ዝም እንላለን።»

ስልኩን አንስቶ ጋሼ ዘንድ ደወለ። «ስማኝማ» አላቸው። «ልክ ነበርክ። አንድ ናቸው።»

ጋሼ በስልኩ ውስጥ ጮክ ብለው ሲናገሩ እኔም ሰማሁ። «እኔ እኮ አንድ ናቸው የምለው ስለማይታየኝ ነበር» አሉ። «ልዩነቱ ያለው የት ጋ ነው?»

አባቴ ስልኩን ዘጋው። ባልና ሚስቱን ወደ ቦታቸው መለሰና ምስማሮቹን በጣቱ ተጫናቸው።

«ዝም ብላችሁ ብትተዉኝ ኖሮ» አለ፣ «ልክ እንደሆንኩ እሞት ነበር።»

እያመሰገነኝ ይሁን እየወቀሰኝ አላወቅኩም። ለማወቅ ፊቱን አየሁ። እሱም የእኔን ፊት ያይ ነበር።